በር ቆጥሮ ቤተሰብ ማወቅ አይቻልም

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «ስለ እናንተ ሰፈር ነው፤ አንብቢና ተናደጂ» የሚል ቃል አክላበታለች። አነበብኩት። ተናደድኩም።

ጽሑፉ በአዲስ አበባ ዳርቻ ስለበቀሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ነው፤ ስለ የካ አባዶ፣ ስለ ኮዬ ፈጬ፣ ስለ ቱሉ ዲምቱ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው። ኮንዶሚኒየም ቤተሰብን አሳንሷል፤ ድሮ ሦስት ትውልድ በአንድ ጣሪያ ስር ይኖር ነበር፣ አሁን አባት፣ እናትና ሁለት ልጅ ብቻ ቀሩ። በሴት የሚመሩ ቤቶች መብዛታቸው ትዳር እየፈረሰ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። ተከራይና ላጤ ስለበዛ ሰፈሩ ሰፈር መሆን አቅቶታል። አያቶች ተረስተዋል፣ እድርም ሞቷል። ስለዚህ ወደፊት ቤት ሲታደል ቅድሚያው «ለሙሉ ቤተሰብ» ይሁን።

በተራ በተራ እመልሳለሁ። አንዱ ላይ ጸሐፊው ግማሽ ያህል ልክ ናቸው፤ እሱንም አልደብቅም።

መጀመሪያ ግን ይሄን የምለው ከየት ተነስቼ እንደሆነ ልንገራችሁ። የካ አባዶ ነው የምኖረው። የብሎካችን ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ለጉራ አይደለም፤ ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ ነው ሹመቱ እኔ ላይ የወደቀው። አንድ ጊዜ የጥበቃውን ደሞዝና የውሃ ፓምፑን መብራት እንዴት እንካፈል የሚል ክርክር ተነሳ። በበር ይሁን ያሉ አሉ። በሰው ቁጥር ይሁን ያሉ አሉ። ስቱዲዮ ውስጥ ብቻዋን የምትኖር ልጅ «እኔ ማታ ገብቼ ጠዋት የምወጣ ሰው፣ ስድስት ሆነው ከሚኖሩት እኩል ለምን እከፍላለሁ?» አለች። ሐቋን ነው። እኔም ደብተር ይዤ በየበሩ እየዞርኩ «እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» ማለት ጀመርኩ።

ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው አባወራ «አራት» አሉኝ። ሚስታቸው ከኩሽና ሆነው «አምስት» አሉ። ሁለተኛው ቤት «እንደ ቀኑ ነው» ተባልኩ። ሦስተኛው ቤት «የሚበላውን ነው የሚተኛውን?» ብለው መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ። ይሄ ሦስተኛው ጥያቄ ነው እንግዲህ ጸሐፊው ሳይጠይቁ ያለፉት።

«ኮንዶሚኒየም ቤተሰብን አሳነሰ»

እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

ከቁጥር እንጀምር። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1999 ዓ.ም ነው። አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ስለተራዘመ ዛሬም የምንጠቅሰው ያንኑ ነው። ያኔ በአዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሰውና ከ660 ሺህ በላይ ቤተሰብ ተመዘገበ። አካፍሏቸው። ለአንድ ቤተሰብ አራት ሰው ከትንሽ ፍርፋሪ ይደርሰዋል። በዚያን ጊዜ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ገና ዳዴ ይል ነበር። የካ አባዶ እርሻ ነበር። ከተማው የሚኖረው በቀበሌ ቤትና በጭቃ ቤት ነው። እና ያ ሦስት ትውልድ የያዘ ትልቅ ቤተሰብ የት ሄዶ ነው አማካዩ አራት የሆነው?

የወሊዱ ነገር ደግሞ ይብሳል። በ1992 ዓ.ም የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ የምትወልደው ልጅ በአማካይ ከሁለት በታች መሆኑን አሳየ። በ1997ቱ ጥናት ወደ 1.4 ወረደ። አንድ ትውልድ ራሱን እንዲተካ ሁለት ልጅና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ያስፈልጋል። አዲስ አበቤ መውለድ የቀነሰው እንግዲህ የኮንዶሚኒየም ቁልፍ በእጁ ሳይገባ ነው።

ለምን ቀነሰ? አንዱ ትልቅ ምክንያት ዘግይቶ ማግባት ነው። ዘግይቶ ለማግባት ደግሞ ሥራ ማጣትና ቤት ማጣት ዋናዎቹ ናቸው። እናቱ ሳሎን ሶፋ ላይ እየተኛ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው በየቤቱ አለ። እኛ ብሎክ ውስጥ አንድ ጎረቤት አለ፤ ከእጮኛው ጋር ለዓመታት በስልክና በካፌ ነው የኖሩት። ሽማግሌ የላከው እጣ በወጣለት ሳምንት ነው። ዛሬ ሁለት ልጆች አሉት። ጸሐፊው ኮንዶሚኒየም ያሳነሰው ቤተሰብ ይሉታል። እሱ ቢጠየቅ ኮንዶሚኒየም የሰጠኝ ቤተሰብ ይላል።

ስለ «አንድ ጣሪያ»ም ልበል። እኔ ያደግኩት ጉለሌ፣ አያቴ ግቢ ውስጥ ነው። አምስት በር፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ። አያቴ ከፊት፣ አጎቴ ከጓሮ፣ እኛ መሃል፣ ሰርቪሷ ውስጥ ደግሞ ተከራይ። ያን ግቢ የሚያስታውስ ሰው «ሁላችንም አብረን ነበርን» ይላል። እውነት ነው። ግን ቆጣሪ ቢመጣ ኖሮ አንድ ቤተሰብ ብሎ አይመዘግበንም ነበር። በቆጠራ ቋንቋ ቤተሰብ ማለት አብረው የሚኖሩና ምግባቸውን በጋራ የሚያዘጋጁ ሰዎች ናቸው፤ ዝምድና ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም። የአጎቴ ሚስት ድስት ለብቻው ነበር። የእናቴም ለብቻው። ተከራይዋ የራሷ ቡታጋዝ ነበራት። ስለዚህ ያ ግቢ አራት ቤተሰብ ነበር።

ችግሩ ቃሉም ላይ ነው። በአማርኛ ሁለቱንም «ቤተሰብ» እንላቸዋለን፤ በደም የተሳሰሩትንም፣ ከአንድ ድስት የሚበሉትንም። ቃሉን ከሰነጠቃችሁት ቤትና «ሰብእ» ነው፣ የቤት ሰው እንደማለት። ጸሐፊው አንዱን ቆጥረው ስለ ሌላው ያለቅሳሉ። የበሩን ቁጥር ይዘው ስለ ዝምድና ይፈርዳሉ።

አሁን ደብተሬን ልግለጥ። አንዲት እናት አሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ እማማ እንላቸዋለን። ከትንሿ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ደብተሬ ላይ፦ 2። ትልቁ ልጃቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ተከራይቷል። ደብተሬ ላይ፦ 1። ያገባችው ልጃቸው ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር አንደኛ ፎቅ ተከራይታለች። ደብተሬ ላይ፦ 4። በጸሐፊው ዓይን ሦስት ትንንሽ ቤተሰቦች፣ ከነዚህም አንዱ ብቸኛ ላጤ። በተግባር ግን ላጤው ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ፍራሽና የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። እራቱን እማማ ጋ ይበላል። የልጅ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ቦርሳቸውን የሚጥሉት እማማ ሳሎን ነው። እናታቸው እስከ ማታ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ናት። እንጀራው የሚጋገረው እማማ ጋ ነው፣ ለሰባት ሰው። ውሃ አለቀ ብለው ሮቶውን የሚያንኳኩትም እማማ ናቸው። ታዲያ በሰው ቁጥር ከሆነ ሂሳቡ የማን ነው? እኔና እማማ በዚህ ነገር ሁለት ቅዳሜ ተከራክረናል።

እነዚህ ሰዎች ከአንድ ግቢ የመጡ ናቸው። ግቢያቸው ለልማት ፈረሰ። ለእማማ አንድ ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው። ልጆቹ በእናታቸው ስም ይኖሩ ስለነበር ምንም አልተሰጣቸውም። ምን አደረጉ? እዚያው ብሎክ ውስጥ ክፍት ቤት እየጠበቁ አንድ በአንድ ተከራይተው ገቡ። ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ቤተሰብ ተበተነ ብሎ ለመጻፍ በዚያ በሁለቱ ዓመት መካከል መምጣት ያስፈልጋል።

ሌላም የተረሳ ሰው አለ። ያ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ አባወራ «አራት» ያሉት ሰራተኛዋን ሳይቆጥሩ ነው። ጸሐፊውም እንደዚያው። «አባት፣ እናትና ሁለት ልጅ» ይላሉ፤ እዚያ ቤት ግን አምስተኛ ሰው አለች። ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። ሳሎን አንጥፋ ትተኛለች። ልጆቹን ታበላለች፣ ወደ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ሲመሽ ደብተሯን ይዛ የማታ ትምህርት ትሄዳለች። ቆጠራ ቢመጣ የዚያ ቤት ሰው ሆና ትመዘገባለች። እናትየው ቢሮ የምትውለው በእሷ ነው። ባለ ሁለት ደሞዝ ቤት የምንለው ነገር ሁሉ ወይ በአያት ወይ በእንደሷ ዓይነት ልጅ ትከሻ ላይ ነው የቆመው። እሷን ሳይቆጥሩ ስለ ዳርቻው ቤተሰብ መጻፍ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይከብደኛል።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ቀጣዩ ልለፍ። ጸሐፊው የቤቱ ስፋት የቤተሰቡን ስፋት ይነግረናል ብለው ያምናሉ። ስቱዲዮ ካሉ ላጤ፣ ባለ ሁለት መኝታ ካሉ ባልና ሚስት። 10/90 የሚባለው፣ አሥር በመቶው ቀድሞ ተከፍሎ ቀሪው በባንክ ብድር የሚሸፈንበት የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ሲጀመር የሚሰጠው ቤት ስቱዲዮ ብቻ ነበር። የተጠየቀው ገቢ እንጂ የልጅ ብዛት አይደለም። በ20/80 ም ቢሆን ሰው ባለ አንድ ወይስ ባለ ሦስት መኝታ ብሎ የተመዘገበው ሃያ በመቶውን ከየት አመጣለሁ፣ ለቀረውስ የባንክ ብድር በወር ስንት እችላለሁ ብሎ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ አምስት ሆነው የሚኖሩ አውቃለሁ። ባለ ሦስት መኝታ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛም አውቃለሁ። የክፍሉ ብዛት የሚለካው ኪስን ነው።

«በሴት የሚመራ ቤት የፈረሰ ቤት ነው»

ጸሐፊው ብሎኮቹን ሲያዩ በሴት ስም የተመዘገበ ቤት በዝቶባቸዋል። እንዴት አይበዛ? በ20/80 እጣ 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ሴት ባለቤት የበዛችው ታስቦበት ነው። ካርታው ላይ የሴት ስም ስላለ ባሏ ጥሏት ሄደ ማለት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የሰፈር ወሬ ነው።

ደግሞ «እማወራ» የሚለው ቃል ከኮንዶሚኒየም ጋር አብሮ የመጣ አስመሰሉት። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ገጠሩም ተጨምሮ በአገሪቱ ካሉት ቤተሰቦች ሩብ ያህሉ በሴት የሚመሩ ነበሩ። ከተማ ላይ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል። አራተኛ ፎቅ ላይ የተፈጠረ አዲስ ነገር አይደለም።

እኔ በዞርኩባቸው በሮች «የቤቱ ኃላፊ ማን ነው?» ስል «እኔ ነኝ» ያሉኝ ሴቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዷ በ1997 ዓ.ም ተመዝግባ፣ በ2005 እንደገና ተመዝግባ፣ በየወሩ እየቆጠበች እጣ ሲወጣላት ፀጉሯ መሸበት የጀመረ ሴት ናት። አላገባችም። የፈረሰ ትዳር የላትም፤ ሊፈርስ የሚችል ነገር መጀመሪያም አልነበረም። ሌላዋ የከባድ መኪና ሹፌር ሚስት ናት። ባሏ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው ማለት ይቀላል። እሱ በሌለበት ስጠይቃት «እኔ ነኝ» አለች። እሱ ባለበት ቅዳሜ ላረጋግጥ ብዬ ስመለስ «እሱ ነው» አለች። ሁለቱም እውነት ነው። ቆጣሪው ማክሰኞ ቢመጣ አንድ እማወራ ይጨምራል፣ ቅዳሜ ቢመጣ አንድ አባወራ።

ሦስተኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሁለት የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። የልጆቹ እናት ቤይሩት ናት። ቤቱ የተገዛው በእሷ ብር ነው፤ የወር ክፍያውም የሚላከው ከእሷ ነው። ማታ ማታ በኢሞ ትደውላለች። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ስልኩ ፊት ነው የሚሠሩት፣ እሷ ከዚያ ሆና «ቁጥሯን አስተካክል፣ ሰባት አይመስልም» ትላለች። ይሄ ቤት በየትኛው ዓይነት ይመደባል? በአያት የሚመራ? በሴት የሚመራ? በውጭ አገር ገንዘብ የሚተዳደር? ጸሐፊው ይሄን የመሰለውን ቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር «የተሰበረ» ብለው አልፈውታል። ጓደኛዬ ተናደጂ ስትለኝ ያላሰበችው፣ እኔን ግን ያቃጠለኝ ይሄ ቃል ነው። ወደ እኚህ መምህርት መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

የተፋቱስ የሉም? አሉ። ለምን እክዳለሁ። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል ካደረገ ወዲህ፣ ሴትየዋ ስትፋታ የጋራ ንብረቷን ይዛ መውጣት ትችላለች። ጸሐፊው ይሄን እንደ ቤተሰብ ጠላት ነው የሚያዩት። እኔ በፊት ስንቷ ቤት ስለሌላት ብቻ እየተደበደበች እንደኖረች የማውቅ ሰው ነኝ። እዚህ ላይ ክርክር አላበዛም።

«ተከራይና ላጤ ሰፈሩን አጠፋው»

መጀመሪያ ተከራዩ ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። እጣ የወጣለት ሁሉ ገብቶ አይኖርም። አንዱ የባንክ ክፍያውን ስለማይችል ቤቱን ያከራይና እሱ ርካሽ ቤት ይፈልጋል። ሌላው ሥራው መርካቶ ነው፤ በየቀኑ ከዚህ እየተመላለሰ አይችልም። ልሽጠው ቢል ደግሞ አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ ክልክል ነው። ስለዚህ ያከራያል። ተከራይ የበዛው አሠራሩ ስለወለደው ነው።

«ተከራይ ሥር አይሰድም» ይላሉ ጸሐፊው። እኔ እዚህ ቤት ከመግባቴ በፊት ዓመታትን በተከራይነት አሳልፌያለሁ። ደላላው ገና በስልክ «ላጤ ነሽ? ባለትዳር ነው የሚፈልጉት» ይላል። ከተገኘም የስድስት ወር በቅድሚያ ይባላል። ስትገባ «ቤት ለእንቦሳ» የሚልሽ የለም። ለተከራይ አይባልማ። እኔን ያለችኝ የጎን ጎረቤቴ ብቻ ናት፤ «እንቦሳ እሰሪ» ብዬ ስመልስላት ድምፄ ተንቀጥቅጧል። ከዓመት በኋላ «ልጄ ሊያገባ ነው፣ ልቀቂ» ተባልኩ። ልጁ አላገባም፤ ኪራይ ጨምሮ ሌላ ሰው ገባ። አሁን ቢያንስ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በተግባር ምን ያህል ይሠራል የሚለው ሌላ ወሬ ነው። ግን ሥር አልሰደደም ብሎ ከመክሰስ በፊት፣ በየዓመቱ እየተነቀለ ምን ያህል ይስደድ?

ላጤዎቹ ደግሞ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ተከራይተው በደባልነት የሚኖሩ ሦስት ነርሶች አሉ። ዝምድና የላቸውም። አንዷ ከጎጃም፣ አንዷ ከወለጋ፣ አንዷ ከወላይታ ነው የመጡት። ፈረቃቸው ስለሚለያይ እዚያ ቤት ሁልጊዜ የተኛ ሰው አለ፤ በር ስታንኳኩ ቀስ ብላችሁ ነው። ሽሮውን አንዷ ትሠራለች፣ ሦስቱም ይበላሉ። ወጪያቸውን ፍሪጅ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጽፋሉ። በቆጠራው ፍቺ ከሄድን እነዚህ ጥርት ያሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ከላይ ያልኳቸው እማማና ልጆቻቸው ደግሞ ሦስት። የእማማን ግፊት በየሳምንቱ እየወጣች የምትለካው ከነርሶቹ አንዷ ናት። ነጥቡ ላይ ሳልደርስ ይሄን ያነሳሁት ኮሚቴው ውስጥ «ላጤ ከብሎካችን ይውጣ» ያሉት ሰው የእማማ አማች ስለሆኑ ነው። ሳቄ መጣብኝ።

ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩም አሉ። ጸሐፊው ሕግ የማያውቀው ኑሮ ይሉታል። ሕጉ ግን ያውቀዋል። ያው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን ራሱን በቻለ ምዕራፍ ደንግጎታል። ሦስት ዓመት ከሞላ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው። ነውር ነው አይደለም የሚለውን ለንስሐ አባቶችና ለሼኾች እተወዋለሁ።

ሌሊት ሙዚቃ የሚከፍቱ ልጆችስ? አሉ። እሱን ጥበቃው ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አንዱ የራሱ ቤት ባለቤት ነው።

«አያቶች ተረሱ፣ እድር ሞተ»

ግማሽ ልክ ናቸው ያልኩት እዚህ ጋ ነው።

የእኛ ብሎክ ጂ ፕላስ ፎር ነው። ሊፍት የለውም። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የሰማንያ ዓመት እናት አሉ። ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። እሑድ ጠዋት ሁለት የልጅ ልጆች በሁለት በኩል ይዘዋቸው ይወርዳሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ከዚያ እስከ ቀጣዩ እሑድ በረንዳ ላይ ናቸው። አንድ ቀን «ከዚህ ሆኜ ሰው ሁሉ ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚታየኝ» አሉኝ። ጉለሌ ቢሆን ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጡ ነበር። ይሄንን ጸሐፊው በትክክል አይተውታል። ግን ጥፋቱን ልጆቹ ላይ ጫኑት፤ ልጆቹ እናታቸውን ያመጡት አብረን እንኑር ብለው ነው። የረሳቸው ደረጃውን የሠራው ሰው ነው። እጣ ሲወጣ ፎቁንም እጣው ነው የሚወስነው። ምድር ቤት የደረሰው ጎረምሳ ለመቀያየር ቢስማማ እንኳ ካርታው፣ ብድሩ፣ ማዘጋጃው... ተዉት።

እድሩ ግን አልሞተም፤ ታክሲ መሳፈር ጀመረ እንጂ። ከአራት ኪሎ፣ ከጉለሌ፣ ከልደታ ወደዚህ የመጡት ሰዎች ብዙዎቹ የድሮ እድራቸውን አልለቀቁም። እናቴ በወሩ መጀመሪያ እሑድ ሁለት ታክሲ ይዛ ጉለሌ ትሄዳለች፣ መዋጮዋን ከፍላ፣ ቡናዋን እስከ በረካ ጠጥታ ትመጣለች። «የቆየሁበት ነው፣ የሚቀብረኝ እሱ ነው» ትላለች። እዚህም ሳይት ላይ አዲስ እድር አላት። ሁለት ትከፍላለች። ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል። ድስቱ የሚጣደው በጋራ መገልገያ ሕንፃው ነው፤ መጀመሪያ ሲሠራ ምን ሊሆን ነው ያልነው ሕንፃ። ባለፈው የአንድ ተከራይ አባት አርፈው፣ ልጁ ገና ሦስት ወሩ ነበር እዚህ ከገባ። ከየበሩ ወንበር ወጣ። የማን ወንበር የማን እንደሆነ ለመለየት እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው። የኔ አንዱ አልተመለሰም።

«ቅድሚያ ለሙሉ ቤተሰብ»

ይሄኛው ያስፈራኛል። ሙሉ ማለት ምን ማለት ነው? ባልና ሚስት ከልጅ ጋር ከሆነ፣ መምህርቷ ጎደሎ ናቸው። ሹፌሩ ማክሰኞ ጎደሎ፣ ቅዳሜ ሙሉ ነው። ነርሶቹ የሉም። ያቺ ከ1997 ጀምራ የጠበቀች ሴት «ባል ፈልጊና ተመለሺ» ልትባል ነው።

ደግሞ እኛን አታውቁንም? ቤት የሚገኘው በወረቀት ከሆነ ወረቀቱ ይመጣል። ለምዝገባ ብለው በወረቀት የተፋቱ ባልና ሚስቶች ወሬ ያልሰማ የለም። ሕጉ ዞሮ ላገባ ቅድሚያ ቢል ደግሞ በወረቀት የሚጋቡ ይበዛሉ። የሠርጉን ሥጋ ማንም አይበላም።

ይልቅ ማን የት እንደሚኖር በትክክል ይቆጠር። ከ1999 ወዲህ ከተማው ወዴት እንደተለጠጠ ለማወቅ አንድ ነገር ማየት ይበቃል፤ በ2013 ዓ.ም እኛን ጨምሮ የምሥራቁን ዳርቻ የሚይዝ 11ኛ ክፍለ ከተማ፣ ለሚ ኩራ፣ መቋቋም ነበረበት። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ አውቶቡሱ የሚታቀደው በበር ብዛት ነው ወይስ በሰው? ስቱዲዮ በሙሉ አንድ ሰው ነው ተብሎ ከታሰበ፣ አምስት የሆኑት ልጆቻቸውን የት ያስገቡ? የአያትና የልጅ ልጅ ቤት የሚፈልገው ምድር ቤትና ቅርብ ክሊኒክ ነው። የነርሶቹ ቤት የሚፈልገው ሌሊት የሚሠራ ትራንስፖርት ነው። የእማማ ልጆች የሚፈልጉት በአንድ ብሎክ መከራየት መቻል ነው። ጸሐፊው ይሄን ቢያነሱ ኖሮ ደብተሬን ይዤ እከተላቸው ነበር።

የኛን የፓምፕ ሂሳብ ጉዳይ መጨረሻ ሳልነግራችሁ። በሰው ቁጥር ይሁን ተብሎ ተወሰነ፤ እያንዳንዱ በር የራሱን ቁጥር በራሱ ይናገር፣ ማንም ገብቶ አይቁጠር ተባለ። ዝቅ አድርገው የተናገሩ አሉ። አውቃቸዋለሁ። እንደተባለው ጻፍኩላቸው።

መምህርቷ ጋ ስደርስ ማታ ነበር። ልጆቹ ስልኩ ፊት ተቀምጠዋል። «ስንት ልበል መምህር?» አልኳቸው።

«ሦስት ነን» አሉ። ትንሽ ቆዩና «አራት ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

«ማን ተጨመረ?»

በአገጫቸው ወደ ስልኩ አመለከቱኝ። አራት ብዬ ጻፍኩ። በየወሩ የአራት ሰው ይከፍላሉ።